የፉ ማንቹ ልጅ ሆና የምትሠራው ቻይናዊት ማን ናት?

የማታ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የ1960ዎቹን የፉ ማንቹ ፊልሞች በተርታ እያየሁ ነው። ዓለምን ሊገዛ የሚፈልግ ክፉ ቻይናዊ አለ። የሚያሳድደው እንግሊዛዊ መርማሪ አለ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ይፈነዳል፤ ከፍንዳታው በኋላ የክፉው ድምፅ ይመጣና ገና እንደሚመለስ ይዝታል። በቃ ይኸው ነው። ትልቅ ጥበብ ፈልጌ አይደለም የማያቸው፤ ከሥራ በኋላ ጭንቅላቴን ላሳርፍ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፉ ማንቹን የሚሠራው ክሪስቶፈር ሊ ነው። ያው ድራኩላን የሚሠራው ረጅሙ እንግሊዛዊ። ዓይኑን በሜካፕ ጎትተው፣ ጢም ለጥፈውለት ቻይናዊ ነው ይሉናል። አጠገቡ ሊን ታንግ የምትባል ልጁ ትቆማለች። እሷ እውነተኛ ቻይናዊት ናት። በአምስቱም ፊልም አለች። ታዛለች፣ ታሰቃያለች፣ አባቷ ሲናገር አንገቷን ትደፋለች። ግን የሆነ ነገር አላት። ፊልሙ የሚጠብባት ሰው ትመስላለች።

ስሟ ጻይ ቺን እንደሆነ ከተዋንያኑ ዝርዝር ላይ አነበብኩ። ከዚያ ውጪ የማውቀው የለም። ከየት መጣች? እንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ እንዴት ገባች? ከዚያስ ምን ሆነች? አንድ ጓደኛዬ «ለገንዘብ ብላ ወገኖቿን ያሰደበች» ብሎ ፈረደባት። እኔ እንደሱ ቶሎ መፍረድ አቃተኝ። የምታውቁ ካላችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ። ረጅም ቢሆን አይሰለቸኝም።

አሮጌ ሪል፦

«ረጅም ቢሆን አይሰለቸኝም» ብለህ ጣጣውን በገዛ እጅህ ጠርተኸዋል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እኔ የምተዳደረው በፊልም ኤዲቲንግ ነው። ሰው ታሪኩን ሲከታተል እኔ ካሜራው ማን ላይ እንደቆየ አያለሁ። የሙያ አመል ነው፣ አይለቅም። ጻይ ቺንንም ልብ ያልኳት በዚያ በኩል ነው። ሊ ሲናገር እሷ ጎኑ ቆማለች። ብዙ ተዋናይ እንዲህ ሲቆም የራሱን ተራ እየጠበቀ መሆኑ ያስታውቅበታል። እሷ ግን ትሰማለች። አፏን ሳትከፍት እየሠራች ነው። ይህን ከየት አመጣችው ካልክ ወደ አባቷ እንሂድ። የፊልሙን አባት ማለቴ አይደለም።

አባቷ ዡ ሺንፋንግ ነው። በሻንጋይ የፔኪንግ ኦፔራ፣ ማለትም ዘፈንና ትወና የተዋሃዱበት የቻይና ባህላዊ ትያትር፣ ታሪክ ከላይ ከሚቀመጡት ስሞች አንዱ። ገና በሰባት ዓመቱ መድረክ ላይ ወጣ። በኋላ ድምፁ ሻከረ። ለኦፔራ ሰው ድምፅ ተበላሸ ማለት አበቃ ማለት ነው። እሱ ግን ሻካራውን ድምፅ ይዞ የራሱን አዘፋፈን ፈጠረበት። ተከታዮች አፈራ፤ ዛሬም ድረስ በመድረክ ስሙ የሚጠራ የአሠራር ስልት አለ። ሊን ታንግ ሆና የቆመችው እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ናት። ቤቷ ውስጥ ትወና ሥራ ነበር፣ ለዚያውም ከባድ ሥራ።

በ1950ዎቹ ለንደን ሄዳ ራዳ በሚባለው ንጉሣዊ የድራማ አካዳሚ ተማረች። እዚያ የተማረች የመጀመሪያዋ የቻይና ተወላጅ ናት። በ1958 «ዘ ኢን ኦቭ ዘ ሲክስዝ ሃፒነስ» በሚለው የኢንግሪድ በርግማን ፊልም ላይ ታየች። ታሪኩ ቻይና ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው ግን ዌልስ ተራሮች ላይ። ትልልቆቹን የቻይናውያን ሚናዎች የያዙት ኩርት ዩርገንስና ሮበርት ዶናት ናቸው። አንዱ ጀርመናዊ፣ አንዱ እንግሊዛዊ። ቻይናውያኑ ከእነሱ በታች ባሉት ሚናዎች ላይ ነው የተደረደሩት።

በሚቀጥለው ዓመት ዌስት ኤንድ በሚባለው የለንደን የትያትር ሰፈር «ዘ ወርልድ ኦቭ ሱዚ ዎንግ» የሚለውን ትያትር በዋና ተዋናይትነት ያዘች። ትያትሩ ለረጅም ጊዜ ሄደ፣ ስሟም ናኘ። ችግሩ ሱዚ ዎንግ የሆንግ ኮንግ ሴተኛ አዳሪ መሆኗ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሚና እንደሚጎርፍላት መገመት አያቅትህም። ወይ ባር ውስጥ የምትገኝ ለስላሳ ልጅ፣ ወይ ጥፍሯን የሳለች ጨካኝ። በመሀል ምንም የለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ ኪራይ ያለባት ቻይናዊት በዘመኑ የአውሮፓ ፊልም ውስጥ ፈልግ እስቲ።

አሁን ወደ ፉ ማንቹ። ፕሮዲውሰሩ ሃሪ አለን ታወርስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ስክሪፕቱንም ፒተር ዌልቤክ በሚል የብዕር ስም ራሱ ይጽፈዋል። ሰውዬው ነጋዴ ነው። ገንዘቡን ከብሪታንያና ከምዕራብ ጀርመን ያሰባስባል፤ ስለዚህ ለጀርመን ተመልካች የሚሆኑ የጀርመን ኮከቦችን ይጨምራል። በመጀመሪያው ፊልም ዮአኪም ፉክስበርገርና ካሪን ዶር ያሉት ለዚህ ነው። ያ ፊልም በ1965 ሲወጣ የተሠራው አየርላንድ ውስጥ ነበር። የዱብሊኑ ኪልሜይንሃም እስር ቤት ሳይቀር ካሜራ ገብቶበታል። በ1916 የአየርላንድ አማፂ መሪዎች የተረሸኑበት ግቢ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያዘጋጃቸው ዶን ሻርፕ ሥራውን ያውቃል። ፈጣን ናቸው፣ ያምራሉ፤ ያለ ሐፍረት እወዳቸዋለሁ። ሦስተኛው ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ የሾው ብራዘርስን ስቱዲዮ ተጠቀመ። አራተኛውና አምስተኛው ስፔናዊው ጄስ ፍራንኮ እጅ ወደቁ። አለቀ። የ1969ኙን «ዘ ካስል ኦቭ ፉ ማንቹ» ስትከፍት አንድ ትልቅ መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ሲጋጭ ታያለህ። መርከቡ የእነሱ አይደለም። በ1958 ስለ ታይታኒክ ከተሠራው «ኤ ናይት ቱ ሪመምበር» ከሚለው የእንግሊዝ ፊልም ተቆርጦ የመጣ ነው። ዋናው ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እዚህ ከባለ ቀለሙ ጋር እንዲሄድ ሰማያዊ ነከሩት። የሰው መርከብ ሰማያዊ ቀብቶ የኔ ነው ማለት! እንደ ኤዲተር ሳየው ልበሳጭ ወይስ ላጨብጭብ አላውቅም።

አንድ ነገር ልብ በል። በአምስቱ ፊልም መርማሪውን ለመሥራት ሦስት ተዋናዮች ተፈራርቀዋል፦ ናይጀል ግሪን፣ ዳግላስ ዊልመር፣ ሪቻርድ ግሪን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሊ፣ ጻይ ቺን እና የመርማሪውን ወዳጅ ዶክተር ፔትሪን የሚሠራው ሃዋርድ ማሪየን ክሮፎርድ ብቻ ናቸው። ከተከታታዩ ምሰሶዎች አንዷ እሷ ናት ማለት ነው። ሊን ታንግ ግን በአምስት ፊልም አንድ ጋት ፈቀቅ አላለችም። ስትጀምር ጨካኝ፣ ስትጨርስ ጨካኝ። ለምን እንደምትጠላ፣ ምን እንደምትፈልግ፣ አባቷን ትፈራዋለች ወይስ ትወደዋለች፣ አንድም ሰው አልጠየቀላትም። ፊቷ ላይ ያየኸው «የሆነ ነገር» ከስክሪፕቱ የመጣ አይደለም። ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነው።

በ1967 የጄምስ ቦንዱ «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» መጣ። መክፈቻው ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከሾን ኮነሪ ጋር አልጋ ላይ ያለችው እሷ ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨዋወታሉ፣ ትነሳለች፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፣ አልጋው ከነቦንድ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ታጣቂዎች ይገባሉ። አበቃ። ለዓመታት ከሠራችው ሁሉ ብዙ ሰው ያየላት ይህችን ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ ትንሽ ይከብደኛል። የቻይናው መሪ ማኦ «አሮጌውን ባህል እናጥፋ» ብሎ ያስነሳው የባህል አብዮት የጀመረው በ1966 ነው። አባቷ ከዚያ ቀደም ሲል ስለ ሃይ ሩይ የሚናገር ኦፔራ ሠርቶ ነበር። ሃይ ሩይ ንጉሠ ነገሥቱን በግልጽ የተቸ የሚንግ ዘመን ባለሥልጣን ነው። አዲሶቹ ፈራጆች ይህን ማኦን ለመንካት የተሠራ ነው አሉ። ሰውዬው ተዋረደ፣ ታሰረ፣ ቤተሰቡ ተበተነ። እናቷ በ1968 ሞተች፤ አባቷ በ1975። ስሙ የታደሰው ከሞተ በኋላ፣ በ1978 ነው። ዓመቶቹን ከፊልሞቹ ጋር አስተያያቸው። እሷ አውሮፓ ውስጥ የክፉ ቻይናዊ ልጅ ሆና ካሜራ ፊት ስትቆም እውነተኛው አባቷ የራሱ አገር ሰዎች ፊት በወንጀለኛነት ቆሞ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በ1968 የወጣውን አራተኛውን ፉ ማንቹ እንደ ቀልድ ማየት አልቻልኩም።

በ1970ዎቹ ደግሞ የብሪታንያ የቤትና ሕንፃ ገበያ ሲወድቅ ያፈራችውን ሁሉ አጣች። ከሰረች። ጤናዋም ታወከ። አሜሪካ ሄዳ እንደገና ጀመረች፤ ቦስተን አካባቢ መድረክ ላይ ሠራች፣ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በድራማ ማስተርሷን ያዘች። በ1981 ቤይጂንግ ያለው የማዕከላዊ ድራማ አካዳሚ እንድታስተምር ጋበዛት። እዚያ የሼክስፒርን «ዘ ቴምፔስት» ከተማሪዎች ጋር አዘጋጀች። በ1988 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። ከዚያ በ1993 «ዘ ጆይ ላክ ክለብ» መጣ። አራት ቻይናውያን እናቶችና ሴት ልጆቻቸው ላይ የተሠራ ነው። ሊንዶ የምትባለዋን እናት ሠራች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ ሙሉ ሰው ሆና የተሰጠቻት ሚና ናት ብዬ አምናለሁ። ፉ ማንቹ ከጀመረ 28 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለጓደኛህ ደግሞ ይህን በልልኝ። ስድቡን የጻፈው የፉ ማንቹ ልብ ወለዶች ደራሲ ሳክስ ሮመር ነው፣ በ1910ዎቹ፣ እሷ ሳትወለድ። ያሳተመው ሌላ፣ ገንዘብ ያወጣበት ሌላ፣ ሜካፕ ተቀብቶ ዋናውን ክፍያ የበላው ሌላ። ሁሉንም አልፎ አንዷን ቻይናዊት መያዝ ትንሽ አያሳፍርም?

ዝምተኛዋ፦

አሮጌ ሪል፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን ተዋናይቷን ስለወደድካት ፊልሙን እያለፍከው ነው። እኔ ከጠያቂው ጓደኛ ጋር ሙሉ በሙሉ ባልስማማም በከፊል እስማማለሁ።

ፉ ማንቹ ስድብ መሆኑ በ1965 አዲስ ዜና አልነበረም። በ1932 ቦሪስ ካርሎፍ ፉ ማንቹ ሆኖ ሲመጣ ዋሽንግተን ያለው የቻይና መንግሥት ውክልና ተቃውሞ አሰምቶ ነበር። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ሲደግሙት «አላወቅንም» ማለት አይሠራም። ታወርስም ያውቃል፣ ሊም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ሁለተኛ፣ አንተው ምሰሶ ናት አልክ። ልክ ነህ፣ ምሰሶ ናት። እሷን ከዚያ ፊልም አውጣትና ሊ ብቻውን ይቅር። ምን ይቀራል? ሜካፕ የተቀባ ረጅም እንግሊዛዊ፣ ሳቅ የሚመጣበት። እሷ አጠገቡ ስትቆም ግን ተመልካቹ ያምናል። የሱ ጭንብል እውነት የሚመስለው በሷ ፊት ነው። ይህን ጥሩ አድርጋ መሥራቷ እኮ ነው የሚያስከፋኝ። ደካማ ተዋናይት ብትሆን ኖሮ ጉዳቱ ያንስ ነበር።

«ሌላ ምርጫ አልነበራትም» የሚለውም ብዙ አይዋጥልኝም። ራስህ ነህ ዌስት ኤንድ ላይ ዋና ተዋናይት ነበረች ያልከው። አንዱን ፊልም እንደ ሥራ ልቁጠረው። አምስት?

አሮጌ ሪል፦

ዝምተኛዋ፣ ስምሽ ዋሽቷል። ስለ ጭንብሉ ያልሽው ጥሩ ነጥብ ነው፤ የምመልስበት የለኝም፣ እቀበላለሁ።

ምርጫውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1966 ጣሊያናዊው ዳይሬክተር አንቶኒዮኒ ለንደን መጥቶ «ብሎው አፕ»ን ሠርቷል። የዘመኑ የጥበብ ፊልም ቁንጮ፣ ካን ላይ ዋናውን ሽልማት የወሰደ። ጻይ ቺን እሱም ውስጥ አለች። ምን ሆና እንደሆነ ታውቂያለሽ? የፎቶ ስቱዲዮው እንግዳ ተቀባይ። የንግዱ ፊልም ዙፋን አጠገብ አቆማት፣ የጥበቡ ፊልም ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጣት። ከሁለቱ የትኛው ነው ያከበራት? እኔ የዚህን መልስ ቶሎ አላገኘሁትም። ቢያንስ ሊን ታንግ ስም አላት፣ ታዛለች፣ ሰው ይፈራታል። ለተራበ ተዋናይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አምስት በዛ ላልሽው፣ አዎ፣ እኔም ሁለቱን የፍራንኮ ፊልሞች ባትሠራ እመርጥ ነበር። በክብሯ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ፊልሞቹ ስለሚያሳፍሩ።

የካውቦይ ወዳጅ፦

ስለ ሴቷ ብዙ ተባለ፣ ወንዶቹ ተረሱ። እኔ የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ነው በሽታዬ፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ልግባ።

ጆርጅ ዋንግ የሚባል ሰው አለ። የቻይና ስሙ ዋንግ ጁዌ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በቻይናም በታይዋንም ፊልም የሠራ፣ የበሰለ ተዋናይ ነበር። ጀማሪ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ግን በየጀብዱ ፊልሙ፣ በየስለላ ፊልሙ፣ በየካውቦዩ «ቻይናዊ ያስፈልገናል» ሲባል የሚጠራ ሰው ሆነ። «ቴፔፓ»ን ካያችሁ ታውቁታላችሁ። የሜክሲኮ አብዮት ታሪክ ነው። ኩባ የተወለደው ቶማስ ሚሊያን የሜክሲኮ ገበሬ መሪ ነው፣ ኦርሰን ዌልስ ወፍራም ኮሎኔል፣ ዋንግ ደግሞ ሚስተር ቹ። ሜክሲኮ የተባለው ስፔን ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ብዙው ሰው ያልሆነውን ነው የሠራው። ዋንግ ግን ቻይናዊ ሆኖ ቻይናዊ ሠራ።

ያኔ የጣሊያን ፊልም ድምፁ በኋላ ነው የሚገባው። ሲቀረጽ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ከዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ሰው ድምፅ ያለብሰዋል። ለውጭ አገር ተዋናይ ይህ በር ከፈተ፤ ጣሊያንኛህ ጎደለ ተብሎ የሚከለክልህ የለም። ግን ዋጋ አለው። ድምፅህ ተወስዶ ፊትህ ብቻ ይቀራል። አሮጌ ሪል ስለ አባትየው ሻካራ ድምፅ ሲጽፍ ይኸው ነው የመጣብኝ። እዚያ ሰውዬው ከተበላሸ ድምፅ ጥበብ አወጣ። እዚህ ደህናውን ድምፅ ማንም አልፈለገውም።

ሌላው በርት ክዎክ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፣ የ«ፒንክ ፓንተር» ኮሜዲ ፊልሞች ካቶ። ጌታውን ክሉሶን ንቁ እንዲሆን ብሎ ከፍሪጅ፣ ከቁም ሳጥን፣ ከየትም እየዘለለ የሚደበድበው። እንግሊዝ ተወለደ፣ ሻንጋይ አደገ፣ አሜሪካ ኮሌጅ ተማረ፣ ከ1949ኙ አብዮት በኋላ የቤተሰቡ ሀብት ሲጠፋ እንግሊዝ ተመልሶ ሥራ ፈለገ። እሱና ጻይ ቺን ቢያንስ በሦስት ፊልም ተገናኝተዋል። ያ የዌልሱ የበርግማን ፊልም፣ ሁለተኛው ፉ ማንቹ፣ ከዚያ የ1967ቱ ቦንድ። ሁለት የሻንጋይ ልጆች የአውሮፓ ፊልም በጠራቸው ቁጥር አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ክዎክ የሚከራከሩትን አይሸሽም ነበር። እኔ ካልሠራሁት ሌላው ይሠራዋል፣ ስለዚህ ገብቼ ገንዘቤን ልቀበልና በምችለው ላሻሽለው የሚል ሰው ነው። ካቶ ሲጀመር ትንሽ ሚና ነበር። ዛሬ ስሙን የማያውቅ የፊልም ወዳጅ ታገኛላችሁ? በ2011 የብሪታንያን ኦቢኢ ኒሻን ሸለሙት፣ በ2016 አረፈ።

የሚገርማችሁን ልጨምር። በ1980 ፉ ማንቹን የሠራው ማን ነው? ፒተር ሴለርስ፣ የካቶ ጌታ ራሱ። የመጨረሻ ፊልሙ ናት። ክዎክ አሽከር ሆኖ ብቅ ይላል፤ ፉ ማንቹ አይቶት ፊትህን የት ነው የማውቀው ዓይነት ነገር ይለዋል። ቀልዱ እኔን አስቆኛል። ግን ቁጠሩ። ዋርነር ኦላንድ ስዊድናዊ፣ ካርሎፍ እንግሊዛዊ፣ ሊ እንግሊዛዊ፣ ሴለርስ እንግሊዛዊ። የቻይና ሰው ሁልጊዜ አሽከር ወይ ልጅ።

ፉ ማንቹን ብቻ አትውቀሱ ደግሞ። በ1963 «ፊፍቲ ፋይቭ ዴይስ አት ፒኪንግ» ሲሠራ ማድሪድ አጠገብ ሙሉ ቤይጂንግ ገነቡ። ለአጃቢነት ቻይናውያን ከመላው አውሮፓ ተለቅመው መጡ። እቴጌዋን የሠራችው ግን ፍሎራ ሮብሰን ናት፣ እንግሊዛዊት። ያ እኮ ርካሽ ፊልም አይደለም፤ ቻርልተን ሄስተን፣ አቫ ጋርድነር ያሉበት ነው።

ዝምተኛዋ፦

ካቶን ስታነሳ አንድ ልዩነት ልብ በል። ክዎክ ኮሜዲ አገኘ። ኮሜዲ ውስጥ ትንሽ ሚና ማደግ ይችላል፤ ተመልካች ከሳቀ ፕሮዲውሰሩ ይጨምርልሃል። ለሴት ይህ በር አልተከፈተም። ቆንጆ ሁኚ፣ ክፉ ሁኚ፣ ሙቺ።

ለዚህ ከሷ በፊት ምስክር አለች። አና ሜይ ዎንግ ትውልደ ቻይና አሜሪካዊት ናት። ሆሊውድ ሚና ሲነፍጋት በ1928 አውሮፓ መጣች። በርሊን ከዳይሬክተር ሪቻርድ አይክበርግ ጋር ሠራች፣ ለንደን «ፒካዲሊ»ን ሠራች፤ ዋና ተዋናይት ነበረች። አውሮፓ ለሷ ከአሜሪካ የተሻለች ነበረች። አሜሪካ ከተመለሰች በኋላ በ1931 ምን ሰጧት? የፉ ማንቹን ልጅ። በትክክል ያንኑ ሚና! ጻይ ቺን ከ34 ዓመት በኋላ የወረሰችው እሱን ነው። ስለዚህ አሮጌ ሪል፣ አንተ «ስድቡ የተጻፈው ሳትወለድ ነው» ስትል እኔ ደግሞ «ወጥመዱም የታወቀው ገና ሳትወለድ ነው» እላለሁ። አሁንም አቋሜ ላይ ነኝ።

የማታ ተመልካች፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ለጓደኛዬ ሙሉውን ላክሁለት፤ «ዝምተኛዋ ትክክል ናት» ብሎ መለሰልኝ፣ የቀረውን ያነበበው አይመስለኝም።

ሁለት ጥያቄ ብቻ። በሕይወት አለች ወይ፣ ከ1993ቱ በኋላስ ምን ሠራች? ከፊልሞቿስ አሁን የትኛውን ላስቀድም?

አሮጌ ሪል፦

ከ1993ቱ በኋላ እንዲያውም ሥራዋ በዛ። በ2006 «ካሲኖ ሮያል» ላይ ማዳም ዉ ሆና ከዳንኤል ክሬግ ጋር ፖከር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ከመጀመሪያው ቦንዷ 39 ዓመት በኋላ። በዚህኛው አልጋ የለም፣ ካርታዋን ይዛ ነው። በ2019 «ላኪ ግራንድማ» ላይ ኒው ዮርክ ቻይናታውን ውስጥ ከወንበዴዎች ጋር የምትጋፈጥ፣ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ አሮጊት ሆና ፊልሙን ብቻዋን ተሸክማዋለች። ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፎ ነበር ያኔ።

በ2021 ደግሞ የማርቭሉ «ሻንግ ቺ» ላይ የዋናው ጀግና ጓደኛ የኬቲ አያት ናት። አጭር ሚና ነው። ግን ታሪኩን እወቀው፦ ሻንግ ቺ በ1973 ኮሚክስ ላይ ሲፈጠር የፉ ማንቹ ልጅ ተብሎ ነው። ፊልሙ ሲሠራ ያንን አባት አውጥተው በሌላ ገጸ ባሕርይ ተኩት፤ ሆንግ ኮንጋዊው ቶኒ ልዩንግ ሠራው። የድሮዋ የፉ ማንቹ ልጅ ያለችበት ፊልም ላይ ፉ ማንቹ ራሱ የለም። ማን አስቦበት እንደመረጣት አላውቅም፤ አስቦበት ከሆነ ግን እጁን እስመዋለሁ።

ለማየት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ፉ ማንቹ አይተኸዋል፣ እሱ ይበቃል። ሁለተኛውን ክዎክን ለማየት ብለህ ጨምረው። ከዚያ በቀጥታ «ዘ ጆይ ላክ ክለብ» ሂድ፣ ቀጥሎ «ላኪ ግራንድማ»። አምስተኛውን ፉ ማንቹ መርከቡ እስኪሰምጥ ብቻ እየው፣ ከዚያ ዝጋው።

የካውቦይ ወዳጅ፣ አንተ ደግሞ «ቴፔፓ»ን ለሰው ስትጠቁም የትኛውን ቅጂ እንደሆነ ንገራቸው። ለውጭ ገበያ ተቆርጦ የወጣ አጭር ቅጂ አለ፤ እኔ ያንን ነበር መጀመሪያ ያገኘሁት፣ ታሪኩ ምንም አይገባም። ረጅሙን የጣሊያንኛ ቅጂ ፈልጉ።